ከፋጅ ያመለጡትን ባክቴሪያዎች አይጣሏቸው

ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ ባሳደጉበት ቱቦ ፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ጨምረው የተረፉትን ባክቴሪያዎች ልጣላቸው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይጣሏቸው። ፋጁ ቱቦውን በመጀመሪያው ቀን አጥርቶት በሁለተኛው ቀን እንደገና መደፍረሱ፣ እርስዎ እንደፈሩት የጥናቱ መክሸፍ አይደለም። ፋጁን የተቋቋሙት ተርፈው ተባዝተዋል። አሁን የሚጠየቀው፣ ለመትረፍ ምን ከፈሉ የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦኤምኬኦ1 በተባለ፣ ኮኔቲከት ካለ ኩሬ በተገኘ ፋጅ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ፋጁ የሚጣበቀው ባክቴሪያው መድኃኒት ወደ ውጭ በሚተፋበት ፓምፕ ላይ ነው። ባክቴሪያው ለማምለጥ ፓምፑን ሲለውጥ መድኃኒቱን መትፋት ያቅተዋል፤ ቀድሞ ያልበገረው አንቲባዮቲክ ይጎዳዋል። በዚህ መስክ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሰጠኝ ውጤት የለም።

የእርስዎ ፋጅ ሌላ ቦታ የሚጣበቅ ሊሆን ይችላልና ይፈትሹት፦

1. ከደፈረሰው ቱቦ ሳህን ላይ ዘርተው አምስት ወይም ስድስት ነጠላ ኮሎኒዎች (እያንዳንዳቸው ከአንድ ባክቴሪያ የተባዙ ክምሮች) ይምረጡ።
2. እነዚህንና የመጀመሪያውን ባክቴሪያ በየራሳቸው የሙለር ሂንተን አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ላይ በእኩል ድፍርስነት ይዝሩ፤ 5 ማይክሮግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ የያዘ ትንሽ ክብ ወረቀት (ዲስክ) ያስቀምጡ።
3. በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 18 ሰዓት አቆይተው ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ በሚሊሜትር ይለኩ። ከመጀመሪያው ባክቴሪያ በግልጽ ከሰፋ፣ ከፋጁ ያመለጠው ባክቴሪያ ለመድኃኒቱ ይበልጥ ተጋልጧል ማለት ነውና መንገዱ ተከፍቷል።

አንድ ነገር አደራ። የተረፉትን ኮሎኒዎች በአዲስ ሳህን ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እየዘሩ ከፋጁ ሳያጠሩ ወደ ዲስኩ አይሂዱ። እኔ ይህን ዘልዬ ክቡ ሰፍቶ ሳየው በጣም ተደስቼ ነበር፤ ባክቴሪያውን ያሳሳው ግን አብሮ የቀረው ፋጅ እንጂ መድኃኒቱ አልነበረም። የሁለት ወር ሥራ እንደገና ጀመርኩ።