ስለ ፎረንሲክ ሳይንስ ማስተርስ ጠይቁኝ፦ ለአዳማ ተመራቂዎች

ሰላም ለሁላችሁ። የአዳማ ልጅ ነኝ። በኬሚስትሪ ተመርቄ ማስተርሴን በፎረንሲክ ሳይንስ፣ ማለትም የወንጀል ማስረጃን በላብራቶሪ በሚመረምረው ዘርፍ፣ ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ የመርዝ ምርመራ ነው። ምርቃት ባለፈ ቁጥር ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ስለዚህ ትምህርት ይጠይቁኛል። ዛሬ ጊዜ ስላለኝ ያላችሁን ሁሉ አምጡ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ የተመረቅኩት በአፕላይድ ኬሚስትሪ ነው። ይህን ለመማር ፖሊስ መሆን አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም ወንድሜ። ላብራቶሪው የሚፈልገው ኬሚስትና ባዮሎጂስት ነው። በኬሚስትሪ የመጣ ሰው ወደ አደንዛዥ ዕፅ፣ ወደ መርዝ፣ ወደ ቃጠሎ ምርመራ ወይም ከመኪና ግጭት ወደሚገኝ የቀለም ቅንጣት ይሄዳል። ባዮሎጂ የተማረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ያመራል። «ፎረንሲክ» የሚለው ስም ከላይ የሚጨመር ነው፤ መሠረቱ ከሳሳ ማስተርሱ አይጠግነውም። ስለዚህ አናሊቲካል ኬሚስትሪህን ደግመህ አንብብ።

ጥያቄ፦ ፎረንሲክ ሜዲሲንስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እሱ ሐኪም ሆነው የሚገቡበት ስፔሻሊቲ ነው። አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረው የአስከሬን ምርመራ የዚያ ዘርፍ ሥራ ነው። እኛ ሐኪሙ የላከውን ናሙና እንመረምራለን።

ጥያቄ፦ የት ልማር? ስኮላርሺፕስ?

መልስ፦ ለእኛ አቅም ቀረብ የሚለው ሕንድ ነው። ጋንዲናጋር፣ ጉጅራት ውስጥ ብሔራዊ የፎረንሲክ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዚህ ስም የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የሕንድ መንግሥት አይ.ሲ.ሲ.አር. በሚባለው የባህል ግንኙነት ምክር ቤቱ በኩል ለውጭ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ወደ እንግሊዝ የምታስቡ ቼቭኒንግ የሚባለውን የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ተመልከቱ፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም አገር ቤት ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የስዊዘርላንዱ ሎዛን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፤ እዚያ ግን ፈረንሳይኛ ያስፈልጋል። አገር ውስጥ ለመማር ከሆነ ማንኛውም ማስተርስ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ይጠይቃል።

የትም ብታመለክቱ ስሙን ትታችሁ ሦስት ነገር በኢሜይል ጠይቁ፦ ተማሪው ራሱ ማሽኑን ይነካል ወይስ ያያል? የማስመሰያ ችሎት ቆሞ መስቀለኛ ጥያቄ ይመልሳል? ስታቲስቲክስ በግዴታ ይሰጣል? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ የማይሰጥ ትምህርት ቤት ገንዘባችሁን አይገባውም። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ የላብራቶሪ ማስተርስም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ስታቲስቲክስ ለምን ይህን ያህል? ሒሳብ ሸሽቼ ነው ባዮሎጂ የገባሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ብትዘይው ሌላው ሁሉ ይቀልሻል። «ሁለቱ ናሙናዎች ይመሳሰላሉ» ማለት ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ናሙናው የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ መመሳሰል የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው የሚለው ነው። ያ ሲዘነጋ ሰው ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈነዳ። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የፈንጂ ማቀጣጠያ ከነበረበት ከረጢት የተነሳውን አሻራ የብራንደን ሜይፊልድ ነው አለ፤ የኦሪገን ጠበቃ ነው። ሁለት ሳምንት ታሰረ። ከዚያ የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሪፖርት ከዲ.ኤን.ኤ. በስተቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር በእርግጠኝነት እንደሚያገናኝ በጥብቅ ጥናት የታየ ዘዴ እንደሌለ ጽፏል።

ዲ.ኤን.ኤ. ራሱ ወደ ወንጀል ምርመራ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ንጹሕን ነጻ ማውጣት ነበር። አሌክ ጄፍሪስ ዘዴውን ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እዚያው አካባቢ ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ነበርና አንድ የ17 ዓመት ወጣት የአንዷን ግድያ አምኗል። ምርመራው እሱ እንዳልሆነ አሳየ። እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። የሰው ቃል፣ ያውም በገዛ አንደበቱ የሰጠው፣ በናሙና ውድቅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው እኔ ሙያውን የምወደው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ እዚሁ አካባቢ ምን ይጠና?

መልስ፦ ብዙ አለ! ሬሳ ላይ ቀድመው የሚደርሱት ዝንቦች ናቸው። እጮቹ የሚያድጉበት ፍጥነት በሙቀት ስለሚወሰን ዕድሜያቸው ሟቹ ከሞተ ቢያንስ ስንት ቀን እንደሆነው ይጠቁማል። በአውሮፓ ቅዝቃዜ የተሠራ ሠንጠረዥ ግን ለአዳማ ሙቀት እንዳለ አይወሰድም። እዚህ ዝንቦቹን አርብቶ በእኛ አየር የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ ጎተራ ውስጥ የሚጨመረው አሉሚኒየም ፎስፋይድ። ጨጓራ ውስጥ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ናሙናው ክዳኑ በላላ ዕቃ ከመጣ ጋዙ መንገድ ላይ ያልቅና ማሽኑ «የለም» ሊል ይችላል፤ ሰውየውን የገደለው ግን እሱ ነው። ደም የነካው ልብስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል፣ ዲ.ኤን.ኤውም ይበላሻል፤ በአየር ደርቆ በወረቀት ነው የሚታሸገው። ኤግዚቢት፣ ማለትም የተያዘው ማስረጃ፣ ከወረዳ እስከ ላብራቶሪ በምን ዕቃ፣ በስንት ቀን፣ በማን እጅ እንደሚደርስ ብቻ ብታጠኑ ራሱን የቻለ ቴሲስ ይወጣዋል፤ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህኛው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ እናት ነኝ። ሴት ልጄ ይህን እማራለሁ ትላለች። ሬሳ እያየች እንዴት ትችለዋለች?

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አብዛኛው ሰው የሚያየው ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ላይ ስምና ዕድሜ ተጽፎ ሲመጣ ግን ልብ ይነካል፣ አልዋሽዎትም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ቤተሰብ የራሱን ሰው ለይቶ እንዲቀብር ያስቻለው እንዲህ ያለ ምርመራ ነው። ልጅዎ የምትገባበት ሥራ ይህ ነው። ይመርቋት።

ጥያቄ፦ ሥራስ ይገኛል?

መልስ፦ በቀጥታ «ፎረንሲክ» የሚል ቦታ ጥቂት ነው፤ ዋናው ቀጣሪ ፖሊስ ነው። ግን የመሣሪያ ትንተና የቻለ ሰው በምግብና መድኃኒት ቁጥጥር፣ በፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ፣ በመድኃኒት ፋብሪካዎች ይፈለጋል። የውጭ ዲግሪ ይዛችሁ ስትመለሱ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ማሠራት እንዳትረሱ።

ጥያቄ፦ እስካመለክት ድረስ አሁን ምን ልሥራ?

መልስ፦ የላብራቶሪ ደብተርህን ከዛሬ ጀምሮ በእስክሪብቶ ጻፍ። ስትሳሳት ቃሉ እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዝ፤ አጠገቡ ፈርም፣ ቀን ጻፍ። ገጽ አትቅደድ፣ ማጥፊያ ፈሳሽም አትቀባ። ነገ ውጤትህን ይዘህ ችሎት ስትቆም፣ ጠበቃ መጀመሪያ የሚገልጠው የተነካካውን ገጽ ነው።