መልስ፦ አሮጌ የታብሪዝ ምንጣፍ ከመጫረት በፊት

ወንድሜ፣ ለንደን ጨረታ ላይ ያየኸው የታብሪዝ (የኢራን ከተማ) ምንጣፍ በእጅ የተሠራና ደህና መሆኑን እንዴት እንደምትለይ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ገልብጠው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ንድፉ በጀርባውም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዘርፉም ከራሱ ከድሩ የቀጠለ ነው። የተሰፋ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የማሽን ሥራን ያሳያል፤ ሆኖም ያለቀ ዘርፍ በአዲስ ስለሚተካ በእሱ ብቻ አትፍረድ።

ሠራተኞቹን አስፈቅደህ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በምንጣፉ ቀይ ክፍል ላይ ተጫን። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ ምንጣፉ ሲታጠብ ቀዩ ወደ ነጩ ክፍል ይሰራጫል፤ ወይም የሳሳው ቦታ ተቀብቷል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው የበሰበሰ ድር ነው። ቀስ ብለህ ስታጥፈው ቀጭ ቀጭ ካለ የጥጥ ድሩን እርጥበት ጨርሶታል፣ ተወው። ብል የበላው ግን ይጠገናል።

በአሸናፊው ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽን (ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለው) እንደሚጨመርም አስብ፤ 25 በመቶ ቢሆን 1,000 ፓውንድ ታክስና ማጓጓዣ ሳይታከልበት 1,250 ይሆናል።