ሰኔ ላይ ወንዝ ዳር ድንኳን ለምትተክሉ

እህቴ፣ «በሰኔ መጨረሻ ስምንት ሆነን ከጅማ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ልንሄድ ነው፤ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን ብናድርስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ካቻምና በዚያው ወር ሄጃለሁ። እባክሽ እኔ የሠራሁትን አትሥሪ።

1. የጉዞ ፈቃድ ደብዳቤውን ከጅማ ሳትወጡ ጨርሱ። እኛ በጭዳ መንገድ ገና በጠዋት ነበር የተነሳነው። መንገድ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። አራት ሰዓት ላይ ደረስን። «ማኅተሙ አይነበብም» ብለው አቆሙን። ኃላፊው የለም፣ ቆይቶ ደግሞ ምሳ ወጥቷል። የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ፈርሞ ወረወረልን። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል፤ የደረሰብን ሁሉ የመጣው በዚያ መዘግየት ነውና።

2. ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ድንኳን አትትከሉ። ስንደርስ መሽቷል፤ የተመደበልን ስካውት ጠብቆን ጠብቆን ወደ ቤቱ ገብቷል። ወንዙ ዳር ለጥ ያለ አሸዋ አየን። ንጹሕ ነው፣ ትልቅ ሾላ አለው፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። እዚያው ተከልን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ እግሬ ሲረጥብ ነቃሁ። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደራሽ መጣብን። ተጯጩኸን ዳገቱ ላይ ወጣን፤ ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሁለት የኪራይ ድንኳንና የጓደኛዬ ካሜራ ግን ሄዱ። 38,000 ብር ከኪሳችን ከፈልን።

ጠዋት ስካውቱ መጣ። አልተቆጣንም። የሾላውን ቅርንጫፍ አሳየኝ። ከራሴ በላይ የደረቀ ሣርና ጭራሮ ተንጠልጥሏል። «ውሃው በፊትም እዚህ ድረስ ደርሷል» አለኝ። ቀጥሎ ከድንኳናችን ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሣሩ የተደፈጠጠ ጠባብ መንገድ አሳየኝ። የጉማሬ ነው። ማታ ከውሃው ወጥቶ ሊግጥ የሚሄደው በዚያ ነው፤ ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱን የዘጋበትን አይምርም። እኛ ልጆች ይዘን እዚያ ተኝተናል! ስለዚህ ቦታ ስትመርጪ መጀመሪያ ቅርንጫፉን እይ፣ ከዚያ መሬቱን።

ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፤ የገንዲ ዝንብ ይወደዋል። አጎበርም ያዙ።

ከቻልሽ ግን ወደ ጥር አዛውሪው። እኔ ዘንድሮ ጥር ላይ ያንኑ ስካውት ይዤ ተመለስኩ። በጠዋት፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርገን፣ በወንዙ ዳር ጫካ ውስጥ ሄድን። 14 ዝሆን ቆጠርኩ፤ ግልገሎቹን መሐል አድርገው ወንዙን ሲሻገሩ። ሥራ ቦታ ለሁሉም አውርቼአለሁ። ፓርኩ ከተቋቋመ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጅማ እየኖርኩ ይህን ሳላይ መቆየቴ ይቆጨኛል።

ሰኔን መልቀቅ ካልቻላችሁ ቀን ጎብኝታችሁ ከተማ ገብታችሁ እደሩ። ማኅተሙ የሚነበበውን ደብዳቤ ፎቶ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ አጻጻፉን እንዳለ ገልብጪው።