ጀማሪ ኩባንያዎችን ወደ ውጭ ገበያ የማስገባት ሙያ ከየት ይጀመራል?

ውድ ጠያቂያችን፣ በማርኬቲንግ ማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ እንዳለዎት፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ባንክ የዓለም አቀፍ ንግድ አገልግሎት ክፍል የኤልሲ (ባንክ ለገዢ ሆኖ ለውጭ ሻጭ ክፍያ ዋስትና የሚሰጥበት) ሰነዶችን በመመርመር ሥራ ላይ እንደሆኑ፣ ወደፊት ግን የሀገራችን የቴክኖሎጂ ጀማሪ ኩባንያዎች ከአጋሮች ጋር ተጣምረው ወደ ጎረቤት ሀገሮች ገበያ እንዲገቡ በማገዝ ሥራ መሰማራት እንደሚፈልጉ ጽፈውልናል። ውጭ ሀገር የሚያውቁት ሰው ስለሌለ ሙያው ይሆነኛል ወይ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልገኛል ወይ፣ ባንኩንስ መቼ ልልቀቅ ብለው ጠይቀዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ዋናው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ይህን ሥራ ብዙዎች ሰው በማወቅ ብቻ የሚሠራ አድርገው ያስቡታል። ሁለት ወገኖችን ማስተዋወቅ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከትውውቁ በኋላ እያንዳንዱ ወገን ከአጋርነቱ ምን እንደሚያገኝ፣ የሚገቡበት ገበያም በእርግጥ ያንን አገልግሎት ይፈልገው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ወራት የሚወስድ ሲሆን፣ ለባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚህ ነው።

ኤምፔሳ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ታሪክ በዚህ ዓይን ቢያጠኑት ይጠቅምዎታል። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ኬንያ ውስጥ ሲሞከር ፋውሉ ከተባለ የማይክሮፋይናንስ ተቋም ጋር በመተባበር ነበር፤ ዓላማውም ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነው። በሙከራው ወቅት ሰዎች ገንዘቡን እርስ በርስ ለመላላክ ሲጠቀሙበት በመታየቱ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው በዋናነት የገንዘብ መላኪያ ሆኖ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ በ2010 የቴሌኮም ኩባንያው ቮዳኮም ከኔድባንክ ጋር ተጣምሮ ጀመረው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 10 ሚሊዮን ደንበኛ ለማፍራት ቢታቀድም በ2016 ተዘጋ። ሁለቱም በሀገሩ ስመ ጥር ኩባንያዎች ስለነበሩ የአጋር እጦት ምክንያት ሊሆን አይችልም። እዚያ ግን አብዛኛው ከተሜ ቀድሞውኑ የባንክ ሒሳብ ነበረው፣ የደንበኛን ማንነት የማረጋገጥ ደንቡም ከኬንያው የጠበቀ ነበር፣ እንደ ኬንያ በየመንደሩ የሚገኝ የወኪል መረብም አልተዘረጋም። ስለዚህ አንድ ኩባንያ አጋር ፈልጊልኝ ሲልዎት አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ ደንበኛው ዛሬ ይህን ችግሩን በምን እየፈታው ነው የሚለው ይሁን። መልሱ ካላስደሰተዎት «ይህ ገበያ ይቅርብዎ» ለማለት አይፍሩ፤ በእኔ ግምት የዚህ ሙያ ትልቁ አገልግሎት እሱ ነው።

ሕጉም ሊዘነጋ አይገባም። ኤምፔሳን በኬንያ የሚያቀርበው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2021 ከቮዳኮም፣ ከጃፓኑ ሱሚቶሞ እና ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን የቴሌኮም ፈቃድ ሲያገኝ በገንዘብም በልምድም የጎደለው አልነበረም። ሆኖም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት መስጠት የቻለው ዘርፉ ለውጭ ባለሀብት በሕግ ከተከፈተ በኋላ በ2023 ነው።

እነዚህ ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። ለጀማሪ ኩባንያ የሚቀርበው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ የተመሠረተው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ አይኮግ ላብስ ሲሆን፣ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ካደረገው ሃንሰን ሮቦቲክስ ጋር በመሥራት ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ላይ ተሳትፏል። ወደ ውጭ ገበያ መግባት ሁልጊዜ እዚያ ቢሮ መክፈት ማለት አይደለም፤ የሌላው ኩባንያ ሥራ አካል ሆኖ መግባትም ይቻላል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምድ ልምጣ፤ ደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፉት እሱን ነውና። ለምሳሌ የመድኃኒት ቤቶችን ክምችት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ ናይሮቢ ላይ አከፋፋይ አገኘ እንበል። አከፋፋዩ በመላው ኬንያ ለአምስት ዓመት ብቸኛ ወኪል ልሁን ይላል። የኩባንያው መሥራች በደስታ ለመፈረም ይቸኩላል። እርስዎ ግን ወኪልነቱ በናይሮቢ የግል መድኃኒት ቤቶች ላይ እንዲወሰን፣ ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲሆን፣ የተስማሙበት ዝቅተኛ ሽያጭ ካልተሟላ ብቸኝነቱ እንዲቀር ያስደርጋሉ። ከደንበኛው ጋር የሚዋዋለው ማን እንደሆነ፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት የደንበኞችን መረጃ የሚይዘውና የሚጠየቅበት ማን እንደሆነ፣ ክፍያው በምን ገንዘብና በየትኛው ባንክ በኩል አዲስ አበባ እንደሚደርስ በውሉ ላይ በግልጽ ይሰፍራል። በኤልሲ ሰነድ ላይ አንዲት ቃል ስትዛባ ክፍያ እንደሚታገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ቢደረግም፣ የውጭ ገቢን ተቀብሎ በሥርዓቱ ማስተናገድ አሁንም መመሪያ ማወቅን ይጠይቃል፤ ኮድ በመጻፍ የተካኑ ብዙ ወጣት መሥራቾች ደግሞ ይህን አያውቁትም።

በመግባቢያ ሰነድ ላይ ያለኝንም አቋም ልንገርዎ። ሰነድ ተፈራርሞና ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚቀር አጋርነት በዝቶብናል። ከእሱ ይልቅ አጭር የሙከራ ውል ያስቀድሙ፤ ምን እንደሚለካ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ በየወገኑ ስልክ የሚያነሣው ኃላፊ ማን እንደሆነ በስም የተጻፈበት።

ትውውቁን በተመለከተ አንድ መስመር ብቻ ይምረጡ፤ እኔ ብሆን አዲስ አበባን ከናይሮቢ ጋር የሚያገናኘውን እመርጣለሁ። የኤምባሲዎችን የንግድ ክፍሎች፣ የንግድ ምክር ቤቱን፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ያላቸውን የጃፓኑን ጄትሮ እና የኮሪያውን ኮትራ ሥራ ይከታተሉ። ሁለቱ ተቋማት የሀገራቸውን ድርጅቶች ከውጭ ገበያ ጋር ሲያገናኙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስለቆዩ አሠራራቸው ትምህርት ቤት ነው። በናይሮቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችም የመጀመሪያውን በር ሊከፍቱልዎ ይችላሉ፤ ወገን መሆናቸው ግን ኩባንያው የሚፈልጋቸው ደንበኞች ናቸው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

ሁለተኛ ዲግሪ ለጊዜው አያስፈልግዎትም። ገንዘቡን በውል ሕግ አጭር ሥልጠናና በስዋሂሊ ቋንቋ ላይ ቢያውሉት የተሻለ ነው።

ባንኩን ደግሞ አሁን አይልቀቁ። ቅዳሜና እሑድዎን ለአንድ ጀማሪ ኩባንያ ሰጥተው፣ ሊገባበት ያሰበውን ገበያ፣ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት፣ ተፎካካሪዎቹንና አጋር ሊሆኑ የሚችሉ ድርጅቶችን የሚያሳይ አጭር ጥናት ይጻፉለት። ኩባንያው ለሁለተኛው ጥናት ሊከፍልዎ ፈቃደኛ ሲሆን መልቀቅን ማሰብ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን የቅጥር ውልዎ የጎን ሥራ ይፈቅድ እንደሆነ አይተው የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በባንኩ ደንበኞች ሰነድ ላይ ያዩትን የአቅራቢ ስም፣ ዋጋም ሆነ አድራሻ ለማንም ኩባንያ እንዳያካፍሉ አጥብቄ አሳስብዎታለሁ።