የእስክስታን እንቅስቃሴ በአንድ ፎቶግራፍ ለማስቀረት

ጠያቂያችን ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እስክስታ የምትወርድ ተወዛዋዥን በነጭ ግድግዳ ፊት ሲያነሱ፣ ሹተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውን መዝጊያ) ለአንድ ሰከንድ ከፍተው ከተዉት ፊቷ እንደሚጠፋ፣ ወደ 1/500 ሰከንድ ሲያፈጥኑት ደግሞ ትከሻዋ ደርቆ እንደሚቀር ገልጸው፣ ፊቱ ጥርት ብሎ የትከሻው ንዝረት እንዲታይ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠይቀዋል።

ፊቱን ያጠፋው ከሹተሩ መዘግየት ይልቅ ግድግዳው ነው። ሹተሩ ክፍት ሳለ ፊቷ ከቦታው ዞር ባለ ቁጥር ከግድግዳው የሚመጣው ብርሃን በዚያው ቦታ ላይ እየተመዘገበ ምስሏን ይውጠዋል። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤትየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ የሰውን እርምጃ በአንድ ብርሃን የሚመዘግብ የመስታወት ሰሌዳ (ፕሌት) ላይ ደጋግሞ ሲያነሳ፣ ነጭ የለበሰ ሰው በጥቁር መደብ ፊት ያስኬድ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ነጩ የሐበሻ ቀሚስ በእጅዎ ስላለ የሚጎድልዎ የማያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ተወዛዋዧንም ከጨርቁ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቋት።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረው በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100፣ በኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8 እና በግማሽ ሰከንድ የሹተር ጊዜ ይጀምሩ። ከጎን በትከሻዋ ቁመት የሚቆም የማይጠፋ መብራት ንዝረቱን ይስላል፤ በአነስተኛ ኃይል የሚበራ ፍላሽ ደግሞ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያበቃ ፊቷን ጥርት አድርጎ ያስቀራል። የሹተሩ ርዝመት የፍላሹን ብርሃን አይለውጠውም፤ ስለዚህ የትከሻው ዱካ ከሳሳ ሹተሩን ያስረዝሙ ወይም መብራቱን ያቅርቡ፣ ፊቷ ከጨለመ ግን የፍላሹን ኃይል ይጨምሩ። የቀሚሱ ጥበብ በብርሃን ብዛት ነጥቶ ከጠፋ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከያ አይመለስምና፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ምስሉን አጉልተው ጥለቱን ይመልከቱ።

ፍላሹ ሹተሩ ሊዘጋ ሲል እንዲበራ የሚመክሩ ብዙዎች ናቸው። ተወዛዋዧ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትሄድ ወይም ስትሽከረከር ዱካው ከኋላዋ ስለሚቀር ምክሩ ትክክል ነው። የእስክስታ ትከሻ ግን እየተመላለሰ የሚርገበገብ በመሆኑ ዱካው ከፊትም ከኋላም ያው ነው፤ እኔ ሹተሩ እንደተከፈተ የሚበራውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የከበሮውን ምት እየሰሙ የፊቷን ቅጽበት በራስዎ ጣት መምረጥ ይችላሉ። ከፍላሹ በኋላ የጎኑ መብራት ፊቷን ዳግም እንዳይስለው፣ በመብራቱና በፊቷ መካከል፣ ከካሜራው እይታ ውጭ፣ ጥቁር ካርቶን አቁመው ጥላው አገጯ ሥር እስኪያበቃ ድረስ ከፍና ዝቅ ያድርጉት።