ወደ ኋላ የምታመልጥ ድመት

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ድመት አለችኝ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ንፋስ እንድታገኝ ብዬ ከውጭ አገር የተላከልኝን የደረት ማሰሪያ አሰርኩላት። ቤት ውስጥ ሳስርላት እንደ ሽባ ዘጭ ብላ ትተኛለች። በግድ ባወጣት ደግሞ ባጃጅ ሲያልፍ ደንግጣ፣ ወደ ኋላ እየጎተተች ከማሰሪያው ሾልካ አጥር ላይ ወጣች። ችግሩ የማሰሪያው ነው የሷ? (ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ የልኩና የጥድፊያው ነው። ድመት ከአንገቷ በታች ያለችው ቀጭን አጥንት ከሌላ አጥንት ጋር አልተያያዘችም፤ ሥጋ ውስጥ ብቻዋን ነው ያለችው። ስለዚህ ጭንቅላቷ ያለፈበት ቀዳዳ ትከሻዋንም ያሳልፋል። ስትፈራ ደግሞ ፊቷን ወደሚያስፈራት ነገር አዙራ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። ያን ጊዜ ፊት ለፊቷ ቆመው ገመዱን ከሳቡ ማሰሪያውን በራስዎ እጅ እያወለቁላት ነው። ገመዱ ሲወጠር አይሳቡ፤ ወደ እሷ ጠጋ ብለው ያላሉት።

ልኩን በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለት ቦታ ይውሰዱ፤ አንገቷ ሥርና ከፊት እግሮቿ ኋላ ያለው ደረቷ። የአዋቂ ድመት ደረት ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ታስሮ ሳለ ከሥሩ ሁለት ጣት ተጣቦ ይግባ፤ ሦስት ከገባ ትወጣለች። የተላከልዎ ቀጭን ጠፍር ብቻ ከሆነ ደረቷን እንደ ሰደርያ የሚሸፍን ያሰፉላት። የጂንስ ቁራጭ ይበቃል፤ የሚለጠጥ ጨርቅ ግን ሲሳብ ስለሚሰፋ አይሆንም። የቦርሳ ዘለበት ይግጠሙለት፤ የገመዱ ቀለበት ጀርባዋ ላይ በድርብ ስፌት ይያዝ። ገመዱ ቀላልና ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይሁን። ብብቷ ሥር ፀጉሯ ከሳሳ እየፋቃት ነውና ይታረም።

ዘጭ ማለቷ የተለመደ ነው፤ ጀርባዋን የያዛትን ነገር አታውቀውም። ሦስት አራት ቀን ማሰሪያው ምግቧ አጠገብ ይዋል። ከዚያ ሳይቆልፉ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርገው ቁራጭ ሥጋ ይስጧት። ቀጥሎ፣ ስትራብ፣ ለሁለት ደቂቃ ይቆልፉትና በየቀኑ ጥቂት ይጨምሩ። ከተኛች ክር መሬት ላይ ይጎትቱላት፤ ለማደን ስትነሣ ማሰሪያውን ትረሳዋለች። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ስትንጎራደድ ገመዱን ይጨምሩ።

ደጅ ሲያወጧት በቅርጫት ተሸክመው ይሁን። በእግሯ መውጣት ከለመደች በሩ በተከፈተ ቁጥር ትሾልካለች። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ አምስት ደቂቃ፣ በማለዳ ባጃጁ ሳይበዛ። እንደ ውሻ ትከተለኛለች ብለው አይጠብቁ፤ ሃያ ደቂቃ አንድ ቁጥቋጦ ስታሸት ብትቆይ ሽርሽሯ ያው ነው። ሆዷ መሬት ከነካ፣ ጆሮዋ ከተለጠፈ ወይም አፏን ከፍታ ካለከለከች ወደ ቤት። ጥር 10 እና 11፣ ሕዝቡ በከበሮ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲተም፣ ጨርሶ አያውጧት።

ጥያቄ፦ በአንገት ማሰሪያ ብቻ ደጅ አስሬ ብተዋትስ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አይሆንም። ደንግጣ ስትዘል ክብደቷ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ያርፋል። የታሰረች ድመት ውሻ ቢመጣባት ዛፍ ላይ መውጣት አትችልም፤ አጥር ላይ ከዘለለችም ትንጠለጠላለች።

ጥያቄ፦ የመንደር ውሻ ድንገት ቢመጣብን? ክትባትስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በባዶ እጅ አያንሷት፤ የፈራች ድመት የያዛትን ክንድ ትቦጫጭራለች። ወፍራም ፎጣ ወይም አሮጌ ጋቢ አይለይዎት፤ ጣል አድርገውባት ጠቅልለው ቅርጫት ውስጥ። ከነከሰችዎ ወይም ከቧጠጠችዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና በዕለቱ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ከሞላት ጀምሮ ይሰጣታል፤ ከዓመት በኋላም ይደገማል፤ ሳትከተብ አትውጣ። ቁንጫ ይዛ ከገባች ደግሞ ለውሻ የተሠራ መድኃኒት እንዳይቀቧት፤ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ ማጥፊያ ያለበት ከሆነ ድመትን ይገድላል።