የእሳተ ገሞራ አመድ ስንት ርቀት ይሄዳል? ለወጣት የአየር ትንበያ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ በአፋር ክልል ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከአመዱ ከፊሉ በአፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮችን አለበሰ። ከላይ የቀረው ግን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል አድርጎ፣ በማግስቱ ሌሊት ዴልሂ ሰማይ ላይ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ቻይና አለፈ። "አመድ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ወጣት የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው። እናንተ ግን ከኪሎ ሜትር አትጀምሩ። ምን ያህል ከፍታ ወጣ? ቅንጣቱ ምን ያህል ደቃቅ ነው? በዚያ ከፍታ ላይ ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል? እነዚህን ሦስቱን ካወቃችሁ ርቀቱ ራሱ ይወጣል።

ቅንጣቱን በወረቀት አስሉት። አንድ ሚሊ ሜትር የሚያክለው ከ14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መሬት ይደርሳል። 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሆነው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚወርድ ስምንት ሰዓት ይቆያል። 10 ማይክሮን የሆነው ደግሞ በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሂሳቡ ሦስት ሳምንት ይሰጣችኋል። ለደቃቆቹ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ የመውረጃው ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት ሳምንቱን ግን እንዳለ አትመኑት። ደቃቅ ቅንጣቶች በእርጥበትና በኤሌክትሪክ ሙል እርስ በርስ ተጣብቀው ቶሎ ይወርዳሉ፤ ዝናብም ያጥባቸዋል።

ከሃይሊ ጉቢ እስከ ዴልሂ በቀጥታ መስመር 4,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደመናው ይህን በአንድ ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ መጨረሱ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል ማለት ነው። በበጋችን ወራት በዓረቢያና በሰሜን ህንድ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልበው የላይኛው ነፋስ ለዚህ ይበቃል። ወቅቱ ሲለወጥ ግን አቅጣጫውም ይለወጣል፦ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ናብሮ ሲፈነዳ አመዱ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ሱዳን ነበር። አካባቢው ያው፣ ከፍታውም ተቀራራቢ፤ ነፋሱ ሌላ። ስለዚህ ያለፈውን ካርታ አውጥታችሁ ለአዲሱ ፍንዳታ አታውሱት።

ከፍታ ብቻውን አይበቃም የምለው በአይስላንዱ እሳተ ገሞራ ምክንያት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የኤይያፍያላዮኩትል አመድ የወጣው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከብዙዎቹ ታላላቅ ፍንዳታዎች ያነሰ። ነገር ግን ቀልጦ የወጣው ዐለት ከበረዶ ጋር ተገናኝቶ እጅግ ደቀቀ፣ ነፋሱም ለቀናት ሳያወላውል ወደ አውሮፓ ነፈሰ። 100,000 ያህል በረራ ተሰረዘ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከቺሊ የተነሳው የፑየዌ አመድ ደግሞ ደቡባዊውን ንፍቀ ክበብ ዞሮ ወደ መጣበት ተመልሷል።

በሥራ ላይ በብዛት የማየውን ስህተት ልንገራችሁ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው ባለ ቀለም ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፤ የአመድ አይደለም። ጋዙና አመዱ በተለያየ ከፍታ ከሆኑ በተለያየ ነፋስ ይለያያሉ፤ ጋዙ የታየበት ሁሉ አመድ አለ ማለት አይቻልም። አመዱን ለይታችሁ ለማየት በ11 እና በ12 ማይክሮን የተነሱትን የኢንፍራሬድ ምስሎች አነጻጽሩ፤ በ11 ከታየው ሙቀት በ12 የታየው ሲቀነስ፣ የአመዱ የሲሊካ ቅንጣት ልዩነቱን ኔጋቲቭ ያደርገዋል። ፍንዳታው ትኩስ ሆኖ ደመናው ሲወፍር፣ ወይም አመዱ በረዶ ሲለብስ፣ ይህ ዘዴ ያታልላል። እንደ ተራ ደመና ያሳያችኋል።

አፍሪካን የሚከታተለው ፈረንሳይ ያለው የቱሉዝ ማዕከል ነው፤ በዓለም ካሉት ዘጠኝ የእሳተ ገሞራ አመድ ማዕከላት አንዱ። መልእክቱ ላይ ኤፍ ኤል (የበረራ ከፍታ ደረጃ፣ በመቶ ጫማ) 450 ካያችሁ 45,000 ጫማ፣ ማለትም 13.7 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዓቱ ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። 08:30 ካለ ሦስት ደምራችሁ 11:30 ታገኛላችሁ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ከረፋዱ 5:30 ይሆናል። እዚህ ላይ 11:30ን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ስድስት ሰዓት ይስታል። በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ደመና ይህ 750 ኪሎ ሜትር ነው!

አብራሪው ከእናንተ የሚፈልገው ይህን ትክክለኛነት ነው፤ የአውሮፕላኑ ራዳር የዝናብ ጠብታን እንጂ ደቃቅ አመድን አያይለትም። አመዱ በሞተሩ ውስጥ ቀልጦ ተርባይኑ ላይ እንደ ብርጭቆ ይጋገራል፤ ሰኔ 1982 እ.ኤ.አ. በጃቫ ላይ የአንድ ቦይንግ 747 አራቱም ሞተሮች የጠፉት በዚህ ነው። ለመውጣት ጉልበት መጨመር ሙቀቱን ያባብሰዋል፤ ትክክለኛው እርምጃ ጉልበት ቀንሶ ዞሮ መመለስ ነው። ያኔ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከአመዱ ሲወጣ ሞተሮቹ እንደገና ተነሱ።

በመጨረሻ፣ መልእክት ስታዘጋጁ "በሳተላይት አመድ መለየት አልተቻለም" እና "አመድ አይጠበቅም" የሚሉትን ሁለት ሐረጎች አታቀያይሩ። ተራ ደመና እይታውን ከሸፈነባችሁ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው፤ ከሥሩም አመዱ ሊኖርባቸው በሚችሉ ከፍታዎች ያለውን ነፋስ አስፍሩለት።